አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚገባበት ስብሰባ

አዴ ዘይቱና ከወንበራቸው መነሳታቸውን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከጎባ መልስ ወደ ሮቤ ገበያ እየገባን፣ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ለሹፌሩ፣ «ያቺ በር ላይ የምትቀመጠው ዘይቱና ከሥራ ወጣች አሉ፣ ሰማህ?» አለችው። ሹፌሩ ዞር ሳይል፣ «አትዋሽም ነበር እኮ» አለ፤ ሰው ስለሞተ በሽተኛ «ልቡ ደካማ ነበር እኮ» እንደሚለው። ሴትዮዋም ራሷን ነቀነቀች። «እሷም አበዛችው።»

አበዛችው! ምኑን ነው ያበዙት? እውነቱን? እውነት ጨው ነው እንዴ፣ ሲበዛ ወጥ የሚያበላሽ? ይህንኑ ልላት አፌን ከፈትኩና፣ እናቴን የምታውቅ ሴት ብትሆንስ ብዬ መልሼ ዘጋሁት። መውረጃዬን አልፌ ወረድኩ። በፈረስ ጋሪና በባጃጅ መሃል በእግሬ ስመለስ ብቻዬን አወራ ነበር። ያን ቀን አፌ ውስጥ የቀረውን ነው አሁን የምጽፈው።

አዴ ዘይቱና፣ እማማ ዘይቱና እንደማለት ነው፣ ሮቤ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የመረጃ ዴስክ ሠራተኛ ነበሩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሁሉም «እኛን ነው» ብለው ቢደነግጡ ደስ ይለኛል። ወፈር ያሉ፣ ድምፃቸው ከበሩ እስከ አስፋልቱ የሚሰማ ሴት ናቸው። ከመሳቢያቸው ቆሎ አይጠፋም። ወረፋ የሚዘል ሰው ካዩ፣ የገዛ አጎታቸው ልጅም ቢሆን፣ ዘር ማንዘሩን እየጠሩ ወደ ኋላ ይመልሱታል። ከምሳ በኋላ ደግሞ፣ አልደብቅም፣ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። ቅዱስ ናቸው አላልኩም። አይዋሹም ነው ያልኩት።

የተዋወቅነው በቤት ሥራ ነው። የዜግነት ትምህርት መምህራችን፣ «የመንግሥት አስተዳደር መርሆዎችን ከአንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ገልብጡ፤ ለእያንዳንዱም በዓይናችሁ ያያችሁትን ምሳሌ ጻፉበት» አሉን። መርሆዎቹ ከአዴ ዘይቱና ራስ በላይ በመስታወት ተሰቅለዋል፤ ቅንነት፣ ሐቀኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ አድልዎ አለመፈጸም እያሉ ይወርዳሉ።

«ምን ፈልገሽ ነው፣ ያ ኢንተላ?» አሉኝ። አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲያ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም።

«መርሆዎቹን ልገለብጥ ነው።»

«ገልብጪ። እነሱማ ከተገለበጡ ቆዩ።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። በዚህ መሃል አንድ ገበሬ መጣና፣ የቦቲ ጫማው ጭቃ ወለሉን እንዳያቆሽሽ ፈርቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። አዴ ዘይቱና ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ «ያ ረቢ» እያሉ ተነሱ። ያ ጉልበት ታማሚ ነው፤ ግን ለገባ ሁሉ ይነሱ ነበር። ከዚያ ሰላምታው ቀጠለ፤ «አከም ቡልተኒ? መና ነጋ? ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ?» የቤቱ፣ የልጆቹና የከብቶቹ ደህንነት ተራ በተራ ተጠየቀ። ገበሬው «ነጋ፣ ነጋ» እያለ፣ ጭቃውን ረስቶ ገባ። «ምን እንታዘዝ?» የመጣው በመጨረሻ ነው።

ክራቫት ያሰረ አንድ ባለሙያ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ «አዴ ዘይቱና፣ የሰዉን ላም ሁሉ ደህንነት ሲጠይቁ ቀኑ ይመሻል እኮ» አላቸው።

«ደሞዝህ ከማን ላም የሚመጣ መሰለህ?» አሉት።

ይህን ስሰማ ምሳሌ የማገኝበት ቦታ እንደመጣሁ ገባኝ። ደብተሬን ዘርግቼ፣ «ግልጽነት ማለት ምንድነው?» አልኳቸው።

«ሰውየው ውስጥ ካለ፣ አለ ማለት። ከሌለ፣ የለም ማለት።»

«በቃ?»

«ዲግሪ ልጨምርበት?»

«ተጠያቂነትስ?»

«‹ማነው እምቢ ያለኝ?› ሲሉሽ ስም መጥራት። ‹ተብሏል› ብሎ ነገር የለም። ተብሏል የሚባል ሰው ሮቤ ውስጥ አላውቅም።»

የቤት ሥራው አለቀ፤ እኔ ግን መሄዴን አልተውኩም። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ኮሪደር ካለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ አረፍ እላለሁ። ከቲያትር ይሻል ነበር። ቲያትር ግን አያናድድም።

«ስብሰባ ላይ ናቸው።» ይህችን አነጋገር የማያውቅ አንባቢ ካለ የታደለ ነው፤ ቢሮ ደጅ ጠንቶ አያውቅም ማለት ነው። ሰው ከጎሮ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ የመኪና ተበድሮ፣ ነጠላውን አጥቦ ይመጣል። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል። ይመለሳል። እንደገና ይመጣል። ማን እንደሰበሰበ፣ ስለምን እንደተሰበሰቡ፣ መቼ እንደሚያልቅ የሚጠይቅ የለም፤ እንደ ዝናብ ከላይ የወረደ ነገር ይመስላል። አንዳንዴ ስብሰባው እውነት ይሆናል። አንድ ቀንማ በሩ ተዘግቶ ሰው ሲንገላታ ያረፈደው፣ ውስጥ ስለ ሰው መንገላታት እየተወያዩ ስለነበር ነው! ፈጥሬ የጻፍኩት ከመሰላችሁ አትመኑኝ፤ ሄዳችሁ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

አዴ ዘይቱና እውነተኛውን ስብሰባ ከሐሰተኛው የሚለዩት በሻይ ነው። ሻይ የምታቀርበው ሴት ትሪ ይዛ ወደ ኃላፊው ቢሮ ስታልፍ ብርጭቆዎቹን ያያሉ። ትሪው ሙሉ ከሆነ፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው፤ እውነት ነው፤ ከሰዓት ብቅ ይበሉ» ይላሉ። አንድ ብርጭቆ ብቻ ከሆነ ግን፣ «ውስጥ ናቸው። ብቻቸውን ናቸው። ሊያነጋግሩዎ አልፈለጉም» ብለው እቅጩን ይናገራሉ። ሰዉ መጀመሪያ ይደነግጣል። ቀጥሎ የሚሆነውን ነው የምወደው፦ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ሰውየው ከግድግዳው ወዲያ እንዳለ ያወቀ ሰው አጠባበቁ ሌላ ነው።

ኃላፊውን አንቱ ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ። አዴ ዘይቱና እንኳ አንቱ ይሉት ነበር። እኔ እዚህ አልልም፤ ይህ የእኔ ጽሑፍ ነው።

«አዴ ዘይቱና» አላቸው አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ «ስብሰባ ላይ ነኝ ስል፣ ስብሰባ ላይ ናቸው ነው የሚባለው።»

«ሲሰበሰቡ እላለሁ።»

«ሥራ አለብኝ እኮ! የመጣው ሁሉ ከገባ መቼ ልሥራ?»

«የመጣው ሰው ራሱ ሥራዎ መስሎኝ።»

«እርስዎ እዚህ የተቀመጡት ሰዉን እንዲመልሱልኝ ነው!»

«እኔ የመረጃ ዴስክ ነው የተባልኩት» አሉ፣ ቆሏቸውን ወደ መሳቢያው እየመለሱ። «የውሸት ዴስክ ካላችሁ ሌላ ሰው አስቀምጡበት።»

አግዳሚው ላይ የነበርነው ሁሉ ጉሮሯችንን ጠረግን። ባለሥልጣን ፊት መሳቅ ያልደፈረ ሰው የሚስቀው በጉሮሮው ነው። በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። አንብበው ሲጨርሱ መሳቢያው ውስጥ አነጠፉት፤ ቆሎውን ከላዩ አፈሰሱበት።

ወደ ኦቦ ጀማል ልምጣ። ኦቦ ጀማል ከጎሮ በኩል የሚመጡ የስንዴ ገበሬ ናቸው፤ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። በዚያ ሰሞን ስንዴያቸው ደርሶ ነበር። ኮምባይነር ተከራይተው ማሳው ዳር አቁመዋል፤ ኮምባይነሩ ግን ናፍጣ የለውም። ናፍጣ ያለ ፈቃድ ደብዳቤ በጀሪካን አይቀዳም። ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው የኃላፊው ፊርማ ነው። አንዲት የእስክሪብቶ ጭረት! ሰኞ መጡ፤ ስብሰባ። ማክሰኞ መጡ፤ ስብሰባ። የኮምባይነሩ ባለቤት ደግሞ፣ «እስከ ረቡዕ ማታ ካልሠራ ወደ ሌላ ማሳ እወስደዋለሁ» ብሏቸዋል። በዚያ ላይ ከሳነቴ ተራራ በኩል ደመና መውረድ ጀመረ። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ሲደጋግምበት ምን እንደሚሆን ለባሌ ሰው አይነገርም። ለሌላው ልንገር፤ እዚያው በቆመበት፣ ዛላው ላይ እያለ ይበቅላል። የዓመት ልፋት ዓይን እያየ ይጠፋል።

ረቡዕ ጠዋት ፈተና ስለነበረን በጊዜ ተለቀቅን። ስደርስ ኦቦ ጀማል አግዳሚው ላይ ናቸው። የሚያዩት የኃላፊውን በር አይደለም፤ በመስኮቱ ሰማዩን ነው። ሻይ አቅራቢዋ አለፈች። ትሪዋ ላይ አንድ ብርጭቆ።

አዴ ዘይቱና ተነስተው ወደ ኃላፊው ቢሮ ገቡ። ብዙም አልቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«ምን አሉ?» አሉ ኦቦ ጀማል።

«‹ስብሰባ ላይ ናቸው በይ፤ ከነገ ወዲያ ይምጡ› አሉ። ‹ዛሬ ደግሞ ውስጥ ናቸው ብለሽ ብታወሪ፣ ወየውልሽ› አሉ።» አንቺ ብሏቸው ነበር ማለት ነው። እናቱ የሚሆኑትን ሴት!

ኦቦ ጀማል በረጅሙ ተነፈሱ። «ተይው ዘይቱና። በእኔ ስንዴ የተነሳ እንጀራሽን አትጪ። ለኔም አላህ አለኝ።»

አዴ ዘይቱና ኮሪደሩ መሃል ጉልበታቸውን ይዘው ቆመው፣ አንዴ ኦቦ ጀማልን፣ አንዴ የተዘጋውን በር ያያሉ። ከዚያ ወደ አግዳሚው ዞሩ።

«ስሙኝማ!» አሉ። ድምፃቸው አስፋልቱን ደረሰ። «ኃላፊያችን ስብሰባ ላይ ናቸው። ዛሬ እንደታዘዝኩት ነው የምናገረው፤ ስብሰባ ላይ ናቸው! የገባው ሻይ ግን አንድ ብርጭቆ ነው። ብቻቸውን ነው የሚሰበሰቡት። ሰው ብቻውን ይሰበሰባል? አያሳዝኑም?»

«ኧረ ያሳዝናሉ!» አለች ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት።

«እንግዲያ ኑ፣ ስብሰባውን እንሙላላቸው። ያንን አግዳሚ ያዙልኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም ጫማውን ያያል። ቀድመው የተነሱት ኦቦ ጀማል ናቸው፤ የአግዳሚውን አንድ ጫፍ ያዙ። ሽማግሌ ሸክም ሲያነሳ ቁጭ ብሎ የሚያይ ወጣት ደግሞ እኛ አገር የለም፤ በአንድ ጊዜ አግዳሚው ብድግ አለ። ልጅ ያዘለችው ሴት በሩን በክርኗ ገፋችው።

ኃላፊው ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅሎ ስልኩን ያይ ነበር። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ይጨሳል። «ምንድነው ይሄ?» ብሎ በካልሲው ዘሎ ተነሳ። አግዳሚው መሃል ላይ ተቀመጠ፤ ሰዎቹም ተደርድረው ተቀመጡበት። አዴ ዘይቱና ጥግ ላይ ቆሙ። ኃላፊው ሊጮህ አፉን ሲከፍት ኦቦ ጀማል ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

እዚህ አገር ስብሰባ ያለ ዱዓ አይጀመርም። ሠርግም ይሁን ዕርቅ፣ ሽማግሌ መዳፉን ከዘረጋ ሁሉም ይዘረጋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ዱዓ የሚያቋርጥ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል፤ ስድቡ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለእናት ለአባቱም ነው። ኃላፊውም የዚሁ አገር ልጅ ነው። አፉ ለቁጣ እንደተከፈተ መዳፎቹ በራሳቸው ተዘረጉ። እጁ አፉን ቀደመው።

ኦቦ ጀማል በኦሮምኛ፣ ያለ ችኮላ ቀጠሉ። እንዲህ ነበር፦

«በሰላም ያውለን።»

«አሚን!»

«የደረሰውን እህል ለአፍ ያብቃልን።»

«አሚን!»

«ደመናውን እዚያው ሳነቴ ላይ ያቆይልን።»

«አሚን!»

«ለሹሞቻችን ጆሮ ይስጥልን።»

«አሚን! አሚን!» አሉ አዴ ዘይቱና ከጥግ። ኃላፊውም «አሚን» አለ። ሌላ ምን ይበል?

ሁሉም ፊቱን በመዳፉ ዳበሰ። ኦቦ ጀማል፣ «የዛሬው አጀንዳ ናፍጣ ነው» አሉ።

ኃላፊው በእግሩ ጫማውን ጠረጴዛው ሥር እየፈለገ፣ በእጁ ፈረመ። የልጅ እናቲቱንም ጉዳይ ፈረመ። ተራ በተራ ሁሉም ጨረሰ። ብርጭቆውን አየሁት፤ ሻዩ አሁንም ይጨሳል። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ! ሰኞና ማክሰኞ ሰው የተመላለሰበት፣ ስንዴ ሊበቅል የደረሰበት ጉዳይ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ቁጡ ሆኖ ቢሆን፣ ሰነፍ ሆኖ ቢሆን፣ አቅም አንሶት ቢሆን ይገባኝ ነበር። ይችል ነበር እኮ!

ኮምባይነሩ ያን ቀን ከሰዓት ተነሳ። ዝናቡ ዓርብ ዕለት ከነበረዶው ወረደ፤ ያረፈው ገለባ ላይ ነው።

በሳምንቱ ኦቦ ጀማል በትንሽ ባልዲ ነጭ ማር ይዘው መጡ። አዴ ዘይቱና ባልዲውን እንዳዩ እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ።

«ጉቦ አይደለም እኮ፣ ጉዳዩ አልቋል» አሉ ኦቦ ጀማል።

«እኔ አውቃለሁ። ወንበሩ ግን አያውቅም። ይሄን ወንበር ተደግፌ አልበላም፤ ለልጆችዎ ይውሰዱት።»

ኦቦ ጀማል ቅር ብሏቸው ባልዲያቸውን ይዘው ተመለሱ።

ወር ሳይሞላ አዴ ዘይቱና የዝውውር ደብዳቤ ተጻፈላቸው። «ለሥራው አስፈላጊ ሆነው በመገኘትዎ» ይላል። አስፈላጊ! አስፈላጊ ከሆኑ ለምን ከበሩ ይነሳሉ? የተመደቡበት ከሼክ ሁሴንም ወዲያ፣ ቆላ ውስጥ ነው። እናታቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ ከአዴ ዘይቱና ሌላ የሚያገላብጣቸው የለም። ጽሕፈት ቤቱ ይህን አያውቅም እንዳትሉኝ። ስለሚያውቅ ነው።

የዚያን ቀን አልነበርኩም፤ የሆነውን ኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። ደብዳቤውን ይዘው የሰው ኃይል ክፍል ገቡ።

«ማን ወሰነ?»

«ተወስኗል።»

«ማን?»

«ማኔጅመንቱ ነው፣ አዴ ዘይቱና።»

«ማኔጅመንቱ ስም የለውም?»

«በጋራ ነው የተወሰነው።»

ያንን ሁሉ ዓመት ተጠያቂነት ከሚለው ቃል ሥር ተቀምጠው ለመጣው ሁሉ ስም ሲጠሩ የኖሩ ሴት፣ ለራሳቸው አንድ ስም የሚጠራላቸው አጡ። ቆሏቸውን ከመሳቢያው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ሥራውን ለቀው ወጡ። ከሠራተኛው አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ «የት ነው?» አላላቸውም። ቤት ስነግር እናቴ፣ «ታዲያ ዝም ብለው ስብሰባ ላይ ናቸው ቢሉ ምን ነበረበት? ሁሉም ይላል» አለችኝ። ያን ማታ እራት አልበላሁም። እናቴን እወዳታለሁ፤ «ሁሉም ይላል» የሚለውን ግን እስካሁን አልዋጥኩላትም።

ባለፈው ሳምንት የእናቴን ጉዳይ ይዤ እዚያው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ዴስኩ ላይ አዲስ ሴት አለች። አልተነሳችም። ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። መርሆዎቹ ከራሷ በላይ እንደተሰቀሉ ናቸው። ሻዩ ሲያልፍ እያየሁ፣ አግዳሚውን ወደ ግድግዳው ጠጋ ላደርገው ሳብኩት። አልነቃነቅ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ እግሮቹ በሲሚንቶ ተቀብረዋል!

የዚያ ጽሕፈት ቤት የመጸዳጃ ቤት በር የተሰበረው እኔ ቤቱን ሳላውቀው በፊት ነው። ጣሪያው ያፈሳል። ለእነዚያ በጀት የለም። አግዳሚውን ለማሰር ግን ሲሚንቶ ተገኘ፣ አሸዋ ተገኘ፣ ሠራተኛ ተገኘ፣ ፊርማም ተገኘ።

በሩጫ አዴ ዘይቱና ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ወተት ይሸጣሉ። አንዲት ገዢ ጣሳዋን ዘርግታ፣ እሳቸው ደግሞ፣ «ያኛው የትናንት ነው፤ የዛሬው ይሄ ነው፤ ምረጪ» ይሏታል። ከጎናቸው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ ያስደገፉ ኦቦ ጀማል ተቀምጠዋል። መሃላቸው ያቺ ባልዲ አለች።

«አሁን ወንበር የለሽም» ይሏቸዋል ኦቦ ጀማል። «ምን ሰበብ ቀረሽ? ብይ እንጂ!»

አዴ ዘይቱና በጣታቸው ጠልቀው ላሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ያ ረቢ፣ ለካ ይሄን ነው የመለስኩት!»

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላል የአገሩ ሰው፤ ስንቱ በዚህ ተረት ስንቱን ግጦ በላ። አዴ ዘይቱና ከተሻሩ በኋላ በሉ። ፊታቸው ላይ ቁጭት ፈልጌ አላገኘሁም። ቁጭቱ ሁሉ እኔ ላይ ነው ያለው።

የአግዳሚውን ነገር ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም።

«በሲሚንቶ?»

«ወላሂ በሲሚንቶ! አራቱም እግር!»

አዴ ዘይቱና ሳቁ፤ እየሳቁ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «አየሽ፣ ሲፈልጉ ቶሎ ይሠራሉ» አሉ። ቀጠል አድርገው ደግሞ፣ «ዱዓውንስ በምን ያስሩት ይሆን?»

ኦቦ ጀማል አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንቺ ጉዳይ አለቀ?»

«የት ያልቃል። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ።»

«ስንት ብርጭቆ ሻይ ገባ?»

«አንድ።»

ኦቦ ጀማል እሳቸውም የቀመሱትን ማር ከጣታቸው ጠረጉ። ዱላቸውን አነሱ።

«ነይ» አሉኝ፣ «ቆመን እንሰበሰባለን።»